የውሸት ስፌት

«አንዷ ቀሚስ ብቻ ናት የቀረችኝ» አለ ጄኔራሉ፣ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል። ድምፁን ለለቅሶ ቤት በሚሆነው ልክ ዝቅ አድርጎታል፤ ጥያቄውን ግን ምንም ዝቅ አላደረገውም። «ሌሎቹን ባለፈው ሳምንት ልካልኛለች። ነፍሷን ይማረውና፣ ከቃሏ ዝንፍ የምትል ሴት አልነበረችም።»

አስተማሪዋ ቀና ብላ አየችው። እናቷን ቀብራ ከተመለሰች ሁለት ሰዓት አልሞላትም፤ ጫማዋ ላይ የተለጠፈው አፈር እንኳ ገና አልደረቀም።

«የሞተችው እኮ ያቺን ቀሚስ ስትሰፋልዎት ነው» አለችው።

«ሰምቻለሁ።» ጄኔራሉ ደረቱን በመዳፉ ደለቀ። «ሥራ ላይ መሞት! መታደል ነው። እኔም ብሆን ካሜራዬ ሥር ነው መሞት የምፈልገው።»

«መቼ ለማድረግ አስበዋል?»

አክስቷ በክርኗ ጎሸመቻት። አክስቷ የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ስታሰባስብ፣ ፔርሙዝ ስትሞላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዚህችን ልጅ አፍ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት፤ አይቀየሟት» አለች ለጄኔራሉ።

«ሐዘኑ አይደለም» አለች አስተማሪዋ።

ጄኔራሉ ጦር ሜዳ ቀርቶ የሰልፍ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት ተዋንያኑ ናቸው፤ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ለቆመ ሰው እንኳ በድምፅ ማጉያ ካልሆነ አያወራም። የፊልም ዳይሬክተር ነው። አሥራ አንድ ፊልም ሠርቷል፤ አስተማሪዋ ግን አንዱን ፊልም አሥራ አንድ ጊዜ ሠራው ነው የምትለው። አንዲት ቆንጆ ሴት ትታሰራለች። ምን አጥፍታ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ራሷም አትጠይቅም። የእስር ቤቱ አለቃ ሁልጊዜ አለንጋ የያዘች፣ ከንፈሯን ደም ያስመሰለች ሴት ናት። እስረኞቹ ጭቃ ውስጥ ይደባደባሉ፤ ታሪኩ በረሃ ውስጥ ቢሆንም ጭቃው አይጠፋም። በመጨረሻ ያመልጣሉ። እሾሃማው ሽቦ አናት ላይ ሲደርሱ የመሪያቸው ቀሚስ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ትርርር ብሎ ይቀደዳል፤ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ «ኧረ!» ይላል፤ መብራት ይበራል። በቃ። የቀረው ሁሉ ለትኬቱ ማሟያ ነው።

ያን ቀሚስ ስትሰፋ የኖረችው የአስተማሪዋ እናት ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ። እንዲቀደድ አድርጋ የምትሰፋው እሷ ነበረች።

«በስድስተኛው ፊልም ግን ወገቧ ድረስ አልነበረም» አለ ከወዲያ ጥግ የጎረቤቱ ጡረተኛ። ቡናውን እያማሰለ ነው። «እዚህ ጋ ብቻ ነው የተቀደደው» ብሎ የራሱን ብብት አሳየ።

«እነዚህን ፊልሞች አይቼ አላውቅም ይሉ አልነበር እንዴ?» አለች አክስት።

«ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

ጄኔራሉ ሰሚ በማግኘቱ ተመቻቸ። «ያኔ ንፋስ ነበር። በኔ ፊልም ውስጥ ማስመሰል የለም፤ ንፋሱ የእውነት ነው። ሽቦው እንኳ የእውነት ነው! የላስቲክ አድርገው የሚሠሩ አሉ፤ አያበራም። የእውነት እሾህ ካሜራ ላይ ሲያበራ ሌላ ነው።» ከዚያ ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ አለውና ትንፋሹን ሳበ። «አይ ዓለም! … እንግዲህ ነገ ሰው እልካለሁ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሽቦው ነው።»

አስተማሪዋ ተነሳች። በበሩ ስታልፍ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩት ሴቶች ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ግን ሆን ብለው እንድትሰማው አድርገው ይንሾካሾካሉ። «ሁለት ዓመት እግሯ አልረገጠም፤ ዛሬ ደርሳ ባለቤት!» «የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ቀብር ላይ ነው የሚደርሰው።»

የእናቷ ክፍል እንደተተወ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ወንበሩ ላይ የተጎደጎደ ትራስ አለ። ግራጫዋ ቀሚስ ከመርፌው ሥር አልወጣችም፤ የግራ እጅጌዋ ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ እዚያው ላይ ቆሟል። እናቷ እዚያ ላይ ነው ግንባሯን የደፋችው። አክስቷ ስታገኛት የተኛች መስሏት «ወገብሽን ልትታመሚ ነው፣ ተነሽ» ብላታለች። ከንፈሯ መሃል ሦስት ስፒል ነበር።

ስፒል ከእናቷ አፍ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ሲያወራት «እም» ትላለች፤ ሰው ሲሰድባት «እም» ትላለች። አስተማሪዋ በልጅነቷ ከእናቷ ያገኘችው መልስ ሁሉ በስፒል መሃል ሾልኮ የወጣ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ የክፍሏ ልጆች የፊልሙን ፖስተር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጥፈው «የቀዳጇ ልጅ! የቀዳጇ ልጅ!» እያሉ ሲዘፍኑባት ውለው፣ ማታ እያለቀሰች ስትነግራት እንኳ እናቷ መርፌዋን አቁማ ለረጅም ጊዜ አየቻትና «እም» ነው ያለችው።

በቤቱ ሁለት ዓይነት ስፌት ነበር። ለደንበኛ፣ ለመጋረጃ፣ ለተማሪ ዩኒፎርም የሚሆነው «የእውነት ስፌት» ይባላል፤ ሁለት ጊዜ የሚሄድ፣ ልብሱ አልቆ እሱ የማያልቅ። የጄኔራሉ ቀሚሶች ላይ የሚገባው ደግሞ «የውሸት ስፌት» ነው። በእጅ፣ በአንድ ቀጭን ክር፣ ሰፋ ሰፋ ባለ እርምጃ፤ ሲያዩት ስፌት፣ ሲነኩት ጭስ። እናቷ በማሽን ከምትሰፋው ይልቅ በእሱ ላይ ብዙ ሰዓት ትፈጅ ነበር። ለመቀደድ ይህን ያህል መጠንቀቅ አስተማሪዋን ከፖስተሩ የበለጠ ያበግናት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሒሳብ መምህር ያንኑ ፖስተር የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ ልክ ከእሷ ወንበር በላይ ሰቀለው። ቀልድ ነው አላት። በዚያው ዕለት እዚህ ክፍል ገብታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ «አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽም፤ ልብስ አውላቂ ነሽ» አለቻት እናቷን። እናቷ ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አወጣች። እጇ አንጓ ላይ በምታስራት ትንሽ የስፒል ትራስ ላይ አንድ በአንድ ሰካቻቸው። አስተማሪዋ አሁን አንድ ነገር ልትናገር ነው ብላ ጠበቀች።

«ሻይ ትጠጫለሽ?» አለቻት እናቷ። «ያኛውን ድስት ብቻ እንዳትነኪ።»

የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ነበር። ስለ ድስት።

አስተማሪዋ አሁን ትራሱ ላይ ተቀመጠች። እጅጌውን ጨረሰችው፤ ልጅ ሆና ከዚሁ መኪና ላይ የተማረችው አልጠፋባትም። ከዚያ ቀሚሷን ገለበጠቻት። የውሸት ስፌቱ ከትከሻ እስከ ወገብ አልቆ ነበር። ከሥሩ ጥቁር ቡናማ፣ የሚለጠጥ ገበር ገብቶበታል፤ እናቷ በእርጅናዋ የቀለም ምርጫ እንደጠፋባት አሰበች፤ ለግራጫ ቀሚስ እንዲህ ያለ ገበር! መሳቢያው ውስጥ ለጂንስ የሚሆነውን ወፍራም ክር ፈልጋ መኪናው ላይ አጠለቀች። ገበሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በውሸት ስፌቱ ላይ መኪናውን ለቀቀችው።

ከሳሎን የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ትርትርትርትር። ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች፤ ደግማ ተመለሰች። አራት ጊዜ።

አክስቷ በሩን በርግዳ ገባች። «አንቺ ልጅ! ለቅሶ ቤት ነው እኮ! ስፌት?»

«የእማዬን ሥራ እየጨረስኩ ነው፣ እትዬ። ቃሏን የምትበላ ሴት አልነበረችም ሲል አልሰማሽውም?»

አክስቷ የልጅቷን ፊት አየች፤ ሳቅ የመሰለ ነገር ነበረበት። «ፈጣሪ ይርዳሽ» ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ጄኔራሉ የላከው ሰው ራሷ ቀሚሷን የምትለብሰው ልጅ ሆና ተገኘች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ይቅርታ የምትጠይቅ። ተዋናዮቹ ሁሉ «አዲሷ» እንደሚሏት ተናገረች፤ ያንንም ይቅርታ ጠይቃ።

«እናትዎን አላየኋቸውም» አለች፣ የቀረበላትን ቡና በሁለት እጇ ይዛ። «በስልክ ነው ያወሩኝ። ‹ሳላይሽ አልጨርሰውም፣ ነይና ልይሽ› ብለውኝ ነበር። ጄኔራሉ ጊዜ የለም አሉ።»

«ልክሽን ነግረሻት አልነበር? ደግሞ ምን ልታይ ነው?»

«እኔም እንደዚያ ነው ያልኳቸው። ‹ልክሽን አይደለም የምፈልገው› አሉኝ።» አዲሷ ሲኒውን አስቀመጠች። «እና … ሽቦው ያማል ይባላል? ያቺ የድሮዋ፣ አርባ አራት የሚሏት፣ የሆነ ነገር ደርሶባት ነበር አሉ።»

አስተማሪዋ በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ደግ ሆነች። «ይቺ ቀሚስ አትቀደድብሽም» አለቻት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ማንም ምንም አያይብሽም። እኔ ራሴ ነኝ የሰፋሁት። አትፍሪ።»

አዲሷ ዓይኗ እንባ ሞላ። አመሰገነቻት። ሁለት ጊዜ።

አክስቷ በዚያን ሰዓት ማጀት ገብታ ታማርራለች። «እህቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ሻይ አፍልታ መርሳት መች ተወች! ተመልከቱ፣ ሦስት ድስት!» አንዱ ፈዛዛ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሬንጅ የመሰለ ሻይ ነው። ሦስቱንም ደፋቻቸው። አስተማሪዋ ድስቶቹን ታውቃቸዋለች። ሁልጊዜ ምድጃው ላይ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠምቷት ከአንዱ ብትቀዳ፣ እናቷ እጇን በጥፊ መታቻት። «የሥራ ነው!» ብላ። ሻይ እንዴት የሥራ እንደሚሆን አልገባትም፤ ለተዋንያኑ የምትወስድላቸው መስሏት፣ ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ታስባለች ብላ ቂም ይዛ ነው ያደገችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አርባ አራት መጣች።

ጡረተኛው ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ። ፊልሞቹን አይቶ የማያውቀው ሰውዬ ፊቱ ቀልቶ «አርባ አራት! የመጀመሪያው ፊልም!» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «ሲያወሩ ሰምቼ ነው» ብሎ ጨመረ። ሴትዮዋ ሃምሳ አልፏታል። ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ ጠፍንጋለች፤ በመጀመሪያው ፊልም ደረቷ ላይ የተጻፈው የእስረኛ ቁጥር እስከ ዛሬ ስሟ ሆኖ ቀርቷል። ማንንም ሰላም ሳትል አስተማሪዋ ፊት ቆመች።

«ቀብር አልመጣሁም» አለች። «ጄኔራሉ ይኖራል ብዬ። እሱ ባለበት እናትሽን ማልቀስ አልችልም።»

«እኔ ግን እሱ ባለበት ማልቀስ ነበረብኝ» አለች አስተማሪዋ። «ወንበር አለ። ቡናም አለ። ስለ ፊልም ለማውራት ከሆነ ጡረተኛው ጋ ይሂዱ።»

አርባ አራት አልተቀመጠችም። «አፍሽ የእሷ አይደለም» አለች። «እሷ ብትሆን ይህን ጊዜ ስፒል ትጎርስ ነበር። ነይ፣ ክፍሏን አሳይኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ሴትዮዋ መጀመሪያ ያየችው ባዶውን የመኪናውን መርፌ ነው። «ጨርሳው ነበር? የውሸት ስፌቱን?»

«ጨርሳው ነበር። እጅጌውን እኔ ነኝ የጨረስኩት።»

«ተመስገን።» አርባ አራት ትራሱ ላይ ዘፍ አለች። «ዛሬ ነው እኮ ሽቦው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር። ልጅቷ ገና ሕፃን ናት።»

«ቢቀደድባትስ? እንደ እርስዎ ታዋቂ ትሆናለች።»

ሴትዮዋ ጀርባዋን አዞረችና ሹራቧን እስከ ትከሻዋ ገለበጠችው። ከብብቷ ጀምሮ እስከ ጎድኗ መጨረሻ የወረደ፣ የጣት ውፍረት ያለው፣ የተቆጣ ጠባሳ ነው።

«የመጀመሪያው ፊልም» አለች። «ያኔ ቀሚሱ በእውነት ስፌት ነበር የተሰፋው። የእናትሽን እጅ ታውቂዋለሽ። ሽቦው አናት ላይ ሆኜ ልዘል ስል እሾሁ ቀሚሴን ያዘው። ጨርቁ አልለቅ አለ፤ የለቀቀው የኔ ሥጋ ነው። ተንጠልጥዬ ስጮህ ጄኔራሉ በዚያ ማጉያው ‹ጥሩ ነው! ቀጥይ!› ይለኛል። እናትሽ ናት መቀሷን ይዛ ካሜራው ፊት የገባችው። እሷን ከፊልሙ ቆርጦ አወጣት፤ ጩኸቴን ግን አልጣለውም። በአሥራ አንዱም ፊልም ሽቦው ላይ የምትሰሚው ያኔ የጮህኩትን ነው።»

አስተማሪዋ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ከዚያ በኋላ የውሸት ስፌቱን አመጣችው። ሽቦው ሲይዘን ጨርቁ እንዲለቅ፤ እኛ እንዳንለቅ። ጄኔራሉ ሲቀደድ አየና አበደ። ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው አለ፤ ያኔውኑ ፖስተር አደረገው። እናትሽ ሁለት ቀን ከቤቷ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ገበር ይዛ መጣች።»

«ገበር» አለች አስተማሪዋ።

«ልክ እንደ ቆዳ የሚለጠፍ። ለየአንዳንዳችን ክንዳችንን እያየች፣ በሻይ እየነከረች፣ የየራሳችንን መልክ ታወጣለታለች። ለቀዩዋ ፈዛዛ ሻይ፤ ለኔ ከሰል የመሰለውን። ቀሚሱ ሲቀደድ ገላ የሚመስለው እሱ ነው።» አርባ አራት ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርስ ነበረው። «ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አንዳችንን አይተውን አያውቁም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የከተማው ወንድ ሁሉ ምራቁን ሲውጥ የኖረው ለገበር ጨርቅ ነው! ያ ውጭ የተቀመጠው ሽማግሌም ጭምር። ካሜራማኑ ብቻ ያውቃል፤ መብራቱን ቀነስ ያደርግልናል። ጄኔራሉ ቢያውቅ ግን በማግስቱ ነበር የሚያስወልቀን።»

«ለኔ ለምን አልነገረችኝም?»

«ልትነግርሽ ነበር። ትምህርት ቤት ፖስተር የለጠፉብሽ ቀን እያለቀሰች መጥታ ‹ልነግራት ነው› አለችኝ። እኔ ነኝ የከለከልኳት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሲያበሽቋት ታወጣዋለች፤ ያኔ ሁላችንም አለቀልን አልኳት። አስምያታለሁ።»

«አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አልቀረሁም እኮ!»

«አልቀረሽም። ስታድጊ ደግሞ መጥተሽ ሰደብሻት፤ ከዚያም መምጣቱን ተውሽው። ለማን ትንገር?» አርባ አራት ሹራቧን አወረደች። «ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት። በደንብ አልሆነልኝም መሰለኝ። … ምነው? ምን ሆንሽ?»

አስተማሪዋ ወደ ስፌት መኪናው አመለከተች። «ዘጋሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ስፌቱን። በጂንስ ክር። በመኪና። አራት ጊዜ።»

አርባ አራት እጇ ሳታውቀው ወደ ጎድኗ ሄደ። «ቀረጻው ላይ ስልክ አይያዝም» አለች። «ያስረክባሉ።»

አስተማሪዋ ከመሳቢያው ምላጭ አነሳች፤ የስፒሉን ትራስ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ እጇ አንጓ ላይ አሰረችው። አርባ አራትን አስከትላ ሳሎኑን በሩጫ ስታቋርጥ አክስቷ ፔርሙዟን እንደያዘች መንገድ ዘጋችባት። «ለቅሶ ጥለሽ ወዴት ነው? ሰው ምን ይለናል?»

«ስፌት ልተረትር ነው፣ እትዬ።»

«ይኸው!» አለች አንዷ ከግድግዳው ሥር። «ሦስት ቀን እንኳ አልቻለችም!»

ቀረጻው ከከተማው ዳር፣ በተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ «የሴቶች ማረሚያ ቤት» እንዲል የተጻፈው ሰሌዳ «ሚ» ጎድሎት «የሴቶች ማረያ ቤት» ይላል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ የሚታረም ነገር ቢኖር ሰሌዳው ብቻ ነበር። አስተማሪዋ ታክሲው ሳይቆም ልትወርድ ምንም አልቀራትም። ሽቦው ከሩቅ ያበራል። ጄኔራሉ ልክ ነበር፤ የእውነት እሾህ ሌላ ነው።

አዲሷ አጋማሹ ላይ ደርሳለች። ግራጫዋ ቀሚስ ከኋላዋ ንፋስ ይዟታል። «ከፍ በይ! ከፍ!» ይላል ማጉያው። «ወደኋላ እያየሽ! ውሾቹ ደርሰውብሻል!» ውሻ የለም፤ ውሻው በኋላ በድምፅ ነው የሚገባው።

«ውረጂ!» ብላ ጮኸች አስተማሪዋ። «ውረጂ! እንዳትዘይ!»

«ካት! ማናት ያቺ ጥቁር የለበሰችው?» አለ ማጉያው። «ሐዘንተኛ ስክሪፕቱ ውስጥ የለም!»

አስተማሪዋ በቀረጻ ሠራተኞቹ መሃል አልፋ ሽቦው ሥር ቆመች። አዲሷ ግራ ገብቷት ከላይ ታያታለች። «ውረጂ፣ የኔ እህት» አለቻት፣ አሁን ዝግ ብላ። «ዋሽቼሻለሁ። ቀስ ብለሽ፣ እግርሽን እያየሽ።» ልጅቷ ወረደች፤ መሬት ስትረግጥ ይቅርታ ጠየቀች።

ጄኔራሉ ማጉያውን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ መጣ። «ፀሐዬ እያመለጠኝ ነው! ምን ልታደርጊ ነው የመጣሽው? የእናትሽን ነፍስ አታሳርፊያትም?»

«ስፌቱን ተሳስቼ ነው» አለች አስተማሪዋ። «የእውነት ስፌት ሰፍቼበታለሁ። አይቀደድም።»

ጄኔራሉ ማጉያው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «አይቀደድም?» ፊቱ እንደ ሐዘንተኛ ሆነ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ በዋለበት ቀን እንኳ እንዲህ አላዘነም። «አይቀደድም?! ፍቺው! አሁኑኑ ፍቺው! እናትሽ በአሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ስህተት አንድ ቀን ሠርታ አታውቅም!»

«አውቃለሁ» አለች። ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትስማማ የመጀመሪያዋ ነው።

አዲሷን ግድግዳ ተጠግታ እንድትቆም አደረገቻት። አርባ አራት ከጀርባቸው ቆማ ሻሿን ፈታ በሁለት እጇ እንደ መጋረጃ ዘረጋችው። ምላጩ ወፍራሙን ክር አንድ በአንድ ይቆርጣል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ በዚያው ጨርቅ ላይ፣ ከእሷ ክር ሥር፣ የእናቷ ክር አለ። የራሷን ቆርጣ የእናቷን ማትረፍ አለባት። ወፍራሙን በጥፍሯ ከፍ ታደርጋለች፣ ምላጩን ከሥሩ ታሾልካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትስባለች። ቀጭኑ ክር ከሥሩ ይገለጣል፤ ሰፋ ሰፋ ያለ እርምጃ፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ፣ ሳያንስ። ማሽን አራት ጊዜ ተመላልሶበት ሁለት ቦታ ብቻ ነው የተበጠሰው። ሁለቱንም በእጇ ቀጠለቻቸው።

ወገብ ጋ ስትደርስ ገበሩ ወጣ አለ። አዲሷ ዞር ብላ አየችው። «የኔን መልክ አይመስልም እኮ» አለች በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው። ልጅቷ ቀይ ናት፤ ገበሩ ጠይም ነው፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ። አርባ አራት ከላይ ጎንበስ ብላ አየች። «አንቺን መች አየችሽ?» አለች። «በማን መልክ ነክራው ነው ታዲያ?»

አስተማሪዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። የግራ እጇ ገበሩን ይዞት ነበር። የእጅጌዋ ጫፍ ተሰብስቦ፣ አንጓዋ ከጨርቁ ጎን አርፏል። ጨርቁ የት እንዳለቀ፣ እጇ የት እንደጀመረ ለማየት ፈለገች። ዓይኗን አጠበበች። በጣቷ ካልዳሰሰችው በስተቀር ጠርዙ አልታይ አላት።

ሁለት ዓመት አልተያዩም። እናቷ ሻዩን ስታጠቁር፣ ስታቀጥን፣ ደግማ ስታጠቁር፣ የምታስተያይበት ክንድ አጠገቧ አልነበረም።

«አለቀ ወይ?» ጄኔራሉ ማጉያውን አፉ ላይ እንዳደረገ በሻሹ በላይ ተንጠራራ። «ምንድን ነው እንደዚህ የምታፈጥጪበት? ከሥሩ ምን አለ?»

ካሜራማኑ ከወዲያ ምንም ሳይባል አንዱን መብራት አጠፋ።

ነገሩ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። አሁን ብትናገረው ይህ ሰውዬ ነገ ጠዋት ከተማ መሃል መውጣት አይችልም፤ ጡረተኛው ራሱ ይስቅበታል። አዲሷ ዓይኗ ላይ ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች።

አስተማሪዋ አንጓዋ ላይ ካለው ትራስ አንድ ስፒል ነቀለች። ከንፈሯ መሃል አኖረችው። ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛውን።

«እኮ ምን አለ ነው የምልሽ!»

«እም» አለች፣ ገበሩን መልሳ ወደ ውስጥ እያስገባች።